«እሳት አደጋ ዘገየ» ስንል ምን ማለታችን ነው? የከተማ እሳት አደጋ አመጣጥና አሠራር

ትልቅ ቃጠሎ በደረሰ ቁጥር፣ ጭሱ እንኳን ሳይጠራ ሦስት ወቀሳዎች ይሰማሉ። «ዘግይተው መጡ»፣ «ውሃ ሳይዙ መጡ»፣ «ቆመው ያያሉ»። አገሩና ቋንቋው ይለያያል እንጂ ወቀሳው አንድ ነው። በጃንዋሪ 2025 የሎስ አንጀለስ ሰፈሮች ሲነዱ የተሰማውም ይኸው ነበር (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ16,000 በላይ ሕንፃዎች ወደሙ። በዓለም ሀብታም ከሚባሉት ከተሞች በአንዷ፣ እሳት አጥፊዎች የውሃ ማስተላለፊያ ጎማቸውን ከመንገድ ዳር ቧንቧ ጋር ገጥመው ውሃ አጡ። ያንን ያየ ሰው ቢናደድ አይገርምም።

ወቀሳው አንዳንዴ ልክ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ያለ ቦታው ያርፋል። ዓይናችን የሚያየው መኪናውንና ሰዎቹን ስለሆነ ጥፋቱንም እዚያው እንፈልጋለን። አንድ ከተማ እሳትን የሚቋቋምበት አቅም ግን በአብዛኛው የሚወሰነው መኪናው ከጣቢያ ከመውጣቱ ከዓመታት በፊት ነው። ጣቢያው የት ተሠራ፣ በፈረቃ ስንት ሰው ይገባል፣ ቧንቧው በደቂቃ ስንት ሊትር ይሰጣል፣ ስልኩን ማን ያነሳል፣ ሕንፃው በምን ዕቃ ተሸፈነ። እነዚህ ነገሮች ባንድ ቀን የመጡ አይደሉም። አብዛኞቹ ከአንድ የተወሰነ ቃጠሎ በኋላ፣ ሰው ካለቀና ከተማ ከነደደ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ስለዚህ ሦስቱን ወቀሳዎች ለመመዘን መሥሪያ ቤቱ ከየት እንደመጣና ዛሬ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይጠቅማል።

## መጀመሪያ ማፍረስ ነበር

በጥንቷ ሮም፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን፣ ክራሱስ የሚባል ባለጸጋ ነበር። ጸሐፊው ፕሉታርክ እንደሚነግረን ይህ ሰው ቤት ሲቃጠል እየሄደ የሚነደውንና አጠገቡ ያሉትን ቤቶች ከደነገጡት ባለቤቶች ላይ በርካሽ ይገዛ ነበር። ከ500 በላይ ግንበኛና አናጺ ባሮች ስለነበሩት መልሶ ያሠራቸዋል። ከተማዋ እሳትን የሚመለከት ጠንካራ የመንግሥት አካል ስላልነበራት አደጋው ገበያ ሆነለት።

ይህን የቀየረው አውግስጦስ ቄሣር ነው። በ6 ዓ.ም ቪጊሌስ የተባለ ኃይል አቋቋመ፤ ቃሉ ነቅተው የሚጠብቁ ማለት ነው። ሮም 14 ክፍሎች ነበሯት፤ ኃይሉ በ7 ጓድ ተከፍሎ እያንዳንዱ ጓድ ሁለት ክፍል ይጠብቅ ነበር። ሌሊት ከተማውን እየዞሩ እሳትም ሌባም ይጠብቃሉ። የዛሬው አሠራር መሠረት እዚህ ላይ ይታያል፦ ከተማን በክልል መከፋፈል፣ ለየክልሉ ቋሚ ሰው መመደብ፣ ሁሉንም ባንድ አዛዥ ሥር ማድረግ።

የጎደላቸው ውሃ ማድረሻ ነበር። እሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ የሚቃጠል ነገር፣ ሙቀትና አየር። ውሃ የሚጠቅመው በዋናነት ሙቀቱን ስለሚወስድ ነው። በባልዲና በትንሽ የእጅ ፓምፕ ግን የአንድን ቤት ሙቀት መቀነስ እንኳን ከባድ ነው። ስለዚህ ለብዙ መቶ ዓመታት ዋናው ዘዴ የሚቃጠለውን ነገር ማሳጣት ነበር። ማለትም ነፋሱ ወደሚነፍስበት አቅጣጫ ያሉትን፣ ገና ያልተቃጠሉ ቤቶች ማፍረስ። የዛሬዋ ቶኪዮ ኤዶ ትባል በነበረበት ዘመን፣ በ1657 የደረሰው ቃጠሎ እስከ 100,000 ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ከዚያ በኋላ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተደራጁት የከተማው ሰዎች ጓዶች ዋና መሣሪያቸው መንጠቆ፣ መሰላልና መጥረቢያ ነበር።

ለንደን በ1666 ስትቃጠልም ዘዴው ያው ነበር። ግን ያልተቃጠለውን ቤት ማን ይፍረስ ይላል? ካሳውንስ ማን ይከፍላል? ከንቲባው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ለማስፈረስ አመነታ። እሳቱ አራት ቀን ቆይቶ 13,200 ያህል ቤቶችና 87 አብያተ ክርስቲያናት በላ። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር መጣ። አንደኛው ቤት በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሠራ የሚያስገድድ ሕግ ነው። ሁለተኛው የእሳት ኢንሹራንስ ነው።

## የኢንሹራንስ ጓዶችና አንድ የቆየ ወሬ

የኢንሹራንስ ኩባንያዎቹ የራሳቸውን እሳት አጥፊ ጓዶች ቀጠሩ። መድን የተገባለት ቤት ግድግዳ ላይ የኩባንያው ምልክት ያለበት የብረት ሰሌዳ ይለጠፋል። «ሰሌዳ የሌለውን ቤት ቆመው ሲቃጠል ያዩ ነበር» የሚለው ታሪክ እስከ ዛሬ ይነገራል። ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን በዚህ አይስማሙም፤ ልማድ እንደነበር የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ አላገኙም። ነገሩን ብናስበውም አያስኬድም፦ ሰሌዳ የሌለው ቤት ከተቃጠለ ቀጥሎ የሚነደው ሰሌዳ ያለው ጎረቤቱ ነው። በተጠጋጋ ከተማ ውስጥ እሳት የግል ጉዳይ ሊሆን አይችልም።

የኢንሹራንሱ አሠራር እውነተኛ ድክመት ሌላ ነበር። ጓዶቹ የቆሙት ለንብረት እንጂ ለሰው ሕይወት አልነበረም፤ ወጪውንም የሚሸከሙት ኩባንያዎቹ ብቻ ነበሩ። በ1833 በለንደን አሥር ኩባንያዎች ጓዶቻቸውን አንድ አደረጉ። አዛዥ እንዲሆን ያመጡት ጄምስ ብሬድዉድን ነው። ይህ ሰው በ1824፣ በ24 ዓመቱ፣ የኤድንብራን የከተማ እሳት አደጋ ያደራጀ ነው። ሰዎቹ ውጭ ሆነው ውሃ ወደ ጭስ ከመርጨት ይልቅ ገብተው የእሳቱን ሥር እንዲመቱ ያሠለጠነም እሱ ነው። በ1861 ለንደን ውስጥ ቱሊ ስትሪት ላይ የዕቃ መጋዘኖች ሲቃጠሉ ግድግዳ ተደርምሶበት ሞተ። ኩባንያዎቹ የዚያን ቀን ኪሳራ ሲያዩ ከአቅማችን በላይ ነው ብለው ለመንግሥት አስታወቁ። በ1865 ሕግ ወጣ፤ በ1866 የለንደን እሳት አደጋ የሕዝብ መሥሪያ ቤት ሆኖ ሥራ ጀመረ።

ሌሎች ከተሞች በሌላ መንገድ ነው የደረሱት። ፓሪስ ውስጥ በ1810 የኦስትሪያ አምባሳደር ባዘጋጀው ግብዣ ላይ እሳት ተነሳ፤ ናፖሊዮን ራሱ እዚያ ነበር። በቀጣዩ ዓመት እሳት አደጋውን ወታደራዊ ሻለቃ አደረገው። እስከ ዛሬም የፓሪስ እሳት አጥፊዎች የጦር ሠራዊቱ አባላት ናቸው። አሜሪካ ደግሞ የበጎ ፈቃደኞች አገር ነበረች። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1736 ፊላደልፊያ ውስጥ ካቋቋመው ማኅበር ጀምሮ ጎረቤት ለጎረቤት ነበር የሚሠራው። ከተሞቹ ሲያድጉ ግን ማኅበራቱ እርስ በርስ መፎካከር፣ አልፎም መደባደብ ጀመሩ። ሲንሲናቲ በ1853 የእንፋሎት ፓምፕ ገዝታ ደመወዝተኛ ሠራተኛ ቀጠረች። ብዙ እጅ ይፈልግ የነበረውን ፓምፕ እንፋሎት ሲያንቀሳቅሰው ብዙ ሕዝብ መሰብሰብ ቀረ፤ ጥቂት፣ የሠለጠኑና ሁሌ ዝግጁ የሆኑ ሰዎች በቂ ሆኑ። ሙያው ሙያ እንዲሆን ካደረጉት ነገሮች ትልቁ ይሄ ይመስለኛል።

## «ዘግይተው መጡ»፦ ደቂቃው ከየት ይቆጠራል?

ስለ መዘግየት ስናወራ አንድ ጊዜ የምንቆጥር ይመስለናል። ግን ብዙ ጊዜያት ተደራርበው ነው። እሳቱ ከተነሳ እስኪታይ አንድ ነው። ከታየ እስኪደወል ሌላ። ስልክ ተቀባዩ አድራሻውን ይዞ ለጣቢያው እስኪነግር ሌላ። ሠራተኞቹ ለብሰው መኪናው እስኪንቀሳቀስ፣ መንገዱ፣ ከዚያ ደርሰው ጎማ ዘርግተው የመጀመሪያው ውሃ እሳቱ ላይ እስኪያርፍ። ቤቱ የሚነድበት ሰው የሚቆጥረው ካየበት ሰከንድ ጀምሮ ነው። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ጥሪው ከተመዘገበበት። ስለዚህ አንዱ «ግማሽ ሰዓት» ሌላው «ስምንት ደቂቃ» ቢል ሁለቱም ላይዋሹ ይችላሉ።

የስልኩ ክፍል ቀላል ይመስላል፤ ሰው ግን አልቆበታል። በ1935 ለንደን ዊምፖል ስትሪት ላይ አምስት ሴቶች በቃጠሎ ሞቱ። የደወለው ጎረቤት የስልክ ማዞሪያው ወረፋ ላይ ነበር የቆየው። ከዚያ በኋላ ነው በ1937 ከሌላ ጥሪ ሁሉ ቀድሞ የሚነሳው 999 የተባለው ቁጥር ሥራ የጀመረው። አሜሪካኖች 911ን ያገኙት በ1968 ነው።

ለምንድነው ደቂቃ እንዲህ የሚያከራክረው? መልሱ ፍላሽኦቨር ይባላል። ክፍል ውስጥ እሳት ሲነሳ ትኩስ ጭስ ጣሪያው ሥር ይጠራቀማል። ሙቀቱ ወደ ታች ይለቀቅና ሶፋው፣ ምንጣፉ፣ መጋረጃው፣ ሁሉም ነገር ተቀጣጣይ ጋዝ መትነን ይጀምራል። አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ ክፍሉ በሙሉ ባንዴ ቦግ ይላል። ያ ቅጽበት ፍላሽኦቨር ነው። ከዚያ በኋላ እዚያ ክፍል ውስጥ የሚተርፍ ሰው የለም፤ ሙሉ ልብስ የለበሰ እሳት አጥፊም ቢሆን ጥቂት ሰከንድ ነው ያለው።

ዩኤል የተባለው የአሜሪካ የደህንነት መፈተሻ ተቋም ሁለት ሳሎኖችን ጎን ለጎን አቃጥሎ አሳይቷል። አንዱ በድሮ ዕቃ፣ ማለትም በጥጥና በእንጨት የተሞላ ነው። ሌላው በዘመኑ የስፖንጅና የፕላስቲክ ዕቃ። የድሮው ክፍል ፍላሽኦቨር ላይ የደረሰው ከ29 ደቂቃ በኋላ ነው። የዘመኑ ግን በ4 ደቂቃ ውስጥ። ይህን ቁጥር ልብ በሉት። እሳት አደጋው ከአያቶቻችን ዘመን ፈጥኖ ቢመጣ እንኳን ቤታችን ውስጥ ያለው ዕቃ ከሱ የበለጠ ፈጥኗል። የጭስ ማንቂያ ደወል ነገር የሚነሳውም ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያውን ጊዜ፣ ማለትም እስኪታይ ያለውን፣ የሚያሳጥረው እሱ ብቻ ነው።

የአሜሪካው ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ለደመወዝተኛ መሥሪያ ቤቶች ባወጣው መለኪያ፣ ሠራተኞች ለቃጠሎ ጥሪ በ80 ሰከንድ ውስጥ መነሳት፣ የመጀመሪያው መኪና ደግሞ በ240 ሰከንድ ጉዞ መድረስ አለበት። ይህ ከ100 ጥሪ በ90ው መሟላት አለበት ይላል። «ከ100 በ90» የሚለው ዋና ነው። አማካይ ብቻ የሚያወጣ ከተማ ራሱን ሊያታልል ይችላል። መሀል ከተማ ሦስት ደቂቃ፣ ዳር ያለው ሰፈር አሥራ ሦስት ደቂቃ ሆኖ አማካዩ ደህና ሊመስል ይችላል።

አራት ደቂቃ ጉዞ ማለት ደግሞ ካርታ ላይ ትንሽ ክብ ነው። መኪናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ ከሦስት ኪሎ ሜትር አይዘልም። የትራፊክ መጨናነቅ ሲጨመር ይጠብባል። ከተማ ወደ ጎን እየሰፋ ጣቢያ ካልተጨመረ፣ ሾፌሩ የፈለገውን ያህል ጎበዝ ቢሆን አይደርስም።

## «ውሃ ሳይዙ መጡ»

ይህ ወቀሳ ከሦስቱ በጣም ያልተገባው ነው፤ ግን ከየት እንደሚመጣ ይገባኛል። መኪናው ግዙፍ ነው፤ ሰው ሆዱ በሙሉ ውሃ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን የከተማ እሳት አደጋ መኪና በዋናነት ፓምፕ ነው። የተለመደው የአሜሪካ ዓይነት 1,900 ሊትር ገደማ ይይዛል። አንድ የማጥቂያ ጎማ በደቂቃ 500 ሊትር አካባቢ ይረጫል። አንድ ጎማ ብቻ ቢከፈት አራት ደቂቃ ቢበዛ ነው። ሁለት ከተከፈተ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ በኋላ «ውሃ አለቀ» ይባላል፤ አላፊ አግዳሚውም «ባዶውን መጣ» ይላል።

መኪናው ያንን ውሃ የሚይዘው ሥራ ለመጀመር ነው። ለመቀጠል ሃይድራንት ያስፈልገዋል። ሃይድራንት መንገድ ዳር ወይም መሬት ውስጥ ያለ፣ ከከተማው የውሃ መስመር ጋር የተያያዘ፣ ጎማ የሚገጠምበት ትልቅ የውሃ አፍ ነው። ሃይድራንት በሌለበት ቦታ ቦቴ ይመላለሳል፣ ወይም ከወንዝና ከኩሬ ይሳባል። ሁለቱም ሰውና ጊዜ ይበላሉ። ሃይድራንቱ ደግሞ በአብዛኛው ከተማ የእሳት አደጋው ንብረት አይደለም፤ የውሃ ድርጅቱ ነው። አስፋልት ሲሠራ የተቀበረ ክዳን፣ መኪና የቆመበት አፍ፣ ግፊቱ የደከመ መስመር፤ ይሄ ሁሉ የሚታወቀው የቃጠሎው ቀን ነው፣ አስቀድሞ የሚፈትሽ ከሌለ።

ወደ ሎስ አንጀለስ እንመለስ። ፓሊሴድስ የተባለው ሰፈር ኮረብታ ላይ ነው። ውሃው ወደ ላይ ተገፍቶ እያንዳንዳቸው ወደ 3.8 ሚሊዮን ሊትር በሚይዙ ሦስት ታንከሮች ይጠራቀማል፤ ከዚያ በስበት ይወርዳል። የከተማ የውሃ መስመር የሚነደፈው አንድ ሁለት ሕንፃ ሲቃጠል እንዲበቃ ነው። ያን ሌሊት ግን ሰፈር ሙሉ ነደደ፤ ሃይድራንቶች ባንዴ ተከፈቱ፤ የተቃጠሉት ቤቶች ቧንቧ ፈንድቶ ውሃው ሜዳ ፈሰሰ። ከታች የሚገፋው ውሃ ከላይ የሚወጣውን መተካት አልቻለም። ነፋሱ በጣም ከባድ ስለነበር ያን ሌሊት አውሮፕላንም መነሳት አቅቶት ነበር። በአቅራቢያው የነበረ አንድ ትልቅ ማጠራቀሚያ ለጥገና ባዶ መሆኑ ትልቅ ክርክር አስነስቷል፤ መነሳቱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ክርክሩ ስለ ውሃ አስተዳደርና ስለ ከተማ ፕላን ነው፤ ጎማውን ይዞ የቆመው ሰው ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ አይደለም።

ከዚህም ቀላል የሆነ ነገር ከተማ አቃጥሏል። በፌብሩዋሪ 1904 ባልቲሞር ስትነድ ከዋሽንግተን፣ ከፊላደልፊያና ከኒውዮርክ ሳይቀር እርዳታ መጣ። መኪናው መጣ፣ ሰው መጣ፣ ሃይድራንቱም ውሃ ነበረው። ግን የብዙዎቹ ጎማ መጋጠሚያ ከባልቲሞር ሃይድራንት ጥርስ ጋር አልገጥም አለ። ከ1,500 በላይ ሕንፃዎች ወደሙ። በኋላ ሲጣራ በአገሪቱ ከ600 በላይ ዓይነት መጋጠሚያ እንዳለ ታወቀ። ብሔራዊ መለኪያ ወጣ፤ ከተሞቹ እስኪቀበሉት ግን ብዙ ዓመት ፈጀ። ዛሬም አንድ ከተማ ከተለያዩ አገሮች በእርዳታ የተሰጠ መኪና ሲቀበል መጀመሪያ መታየት ያለበት ይሄ ነው።

## አንድ ወንበር፣ አራት ሰው

አደረጃጀቱ ከሩቅ ሲታይ ወታደራዊ ይመስላል። ከታች ጓድ አለ፦ አንድ መኪና፣ ሾፌሩ (እሱ ብዙውን ጊዜ ፓምፑንም ያንቀሳቅሳል)፣ ሁለት ሦስት እሳት አጥፊና አንድ መሪ። ጓዶች ተሰብስበው ጣቢያ ይሆናሉ፤ ጣቢያዎች ተሰብስበው ምድብ፤ ከላይ የከተማው አዛዥ አለ። መኪኖቹም ሥራቸው የተለያየ ነው። የፓምፕ መኪና ውሃ ያመጣል። የመሰላል መኪና ሰው ያወርዳል፣ ጣሪያ ይከፍታል። የነፍስ አድን መኪና ብረት ይቆርጣል። ከጀርባ ደግሞ የማይታዩት አሉ፦ ጥሪ ተቀባዮች፣ አሠልጣኞች፣ መካኒኮች፣ የሕንፃ ፈታሾች፣ የቃጠሎ መንስኤ መርማሪዎች።

ብዙ ሰው የማያየው የሰው ቁጥሩን ሒሳብ ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። አንድ ሠራተኛ በሳምንት 48 ሰዓት ቢሠራ፣ መኪናው ላይ አንዷን ወንበር ሌት ተቀን ለመሙላት ሦስት ሰው ተኩል ይፈልጋል። የዓመት ፈቃድ፣ ሕመምና ሥልጠና ሲጨመር አራት ወይም ከዚያ ጥቂት በላይ ይሆናል። ስለዚህ አራት ወንበር ያላት አንዲት መኪና 16 ወይም 17 ሰው ትፈልጋለች። «አዲስ መኪና ተገዛ» የሚል ዜና ስንሰማ መጠየቅ ያለበት «16ቱ ሰዎችስ ተቀጠሩ?» ነው። መኪና ባንድ ቀን ይገዛል፤ ደመወዝ ግን በየወሩ ነው፤ ሪባንም አይቆረጥለትም።

በጎ ፈቃደኛ ይሻላል ወይስ ደመወዝተኛ የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይነሳል። ደመወዝተኛ ሲባል ሰው ጣቢያ ውስጥ አለ፤ ደወሉ ሲጮህ ወዲያው ይነሳል። በጎ ፈቃደኛ መጀመሪያ ከቤቱ ወይም ከሥራው ጣቢያ መድረስ አለበት። የበጎ ፈቃድ ደጋፊዎች ግን ጠንካራ ምሳሌ አላቸው። በ1863 የቺሊ ዋና ከተማ ሳንቲያጎ ውስጥ አንድ ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል ከ2,000 በላይ ሰው ሞተ፤ በዚያው ወር የበጎ ፈቃድ እሳት አደጋ ተቋቋመ። እስከ ዛሬ የሳንቲያጎ እሳት አጥፊዎች ደመወዝ አይከፈላቸውም፤ የተከበሩና በደንብ የሠለጠኑም ናቸው። ጀርመን ደግሞ ሁለቱን አዋሕዳለች፦ ትልልቅ ከተሞች ደመወዝተኛ አላቸው፣ ትንንሾቹ በበጎ ፈቃደኛ ይሠራሉ፣ ትልቅ አደጋ ሲመጣ ይደጋገፋሉ። እኔ ለትልቅ ከተማ ደመወዝተኛው የግድ ነው ባይ ነኝ። ነገር ግን ቺሊን ያየ ሰው በጎ ፈቃደኛ ማለት አማተር ማለት ነው ሊል አይችልም።

## «ቆመው ያያሉ»

መጀመሪያ የደረሰው መሪ ብዙ ጊዜ ጎማ አይነካም። ሕንፃውን ዙሪያውን ይዞራል። ጭሱ ምን ዓይነት ነው፣ ከየት ይወጣል፣ ሰው አለ ወይ፣ መብራቱ ተቆርጧል ወይ፣ ጣሪያው ይሸከማል ወይ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ይሄ መንከራተት ይመስላል።

ቀጥሎ ደግሞ የመግባት ሕግ አለ። ለምሳሌ በአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ ወደሚነድ ክፍል የሚገቡት ቢያንስ ሁለት ሆነው ነው፤ ሌሎች ሁለት ደግሞ ለብሰው ውጭ ይጠብቃሉ፣ የገቡት ቢወድቁ ለማውጣት። ሰው ውስጥ እንዳለ ከታወቀ ደንቡ ይላላል። ግን በአጠቃላይ ውጭ «ሥራ ፈተው» የቆሙት ሁለቱ ሥራ ላይ ናቸው። ጀርባቸው ላይ ያለው ሲሊንደር ብዙዎች እንደሚሉት ኦክስጅን ሳይሆን የታመቀ ተራ አየር ነው፤ ግማሽ ሰዓት የተባለው በከባድ ሥራ ላይ ከዚያ ቀድሞ ያልቃል። ስለዚህ ሰዎች ይፈራረቃሉ፤ ወጥተው መሬት ላይ የተቀመጡት ተራቸውን ጨርሰው ነው።

በር ለመክፈት መዘግየታቸውም ምክንያት አለው። አየር ያነሰው ክፍል ውስጥ እሳቱ የሞተ መስሎ ይቆያል። ጎማው ሳይዘጋጅ በሩ ከተከፈተ አየር ይገባና ቦግ ይላል። ጣሪያ ሲቀዱና መስኮት ሲሰብሩ የምናየውም ትኩስ ጭሱን ወደ ላይ ለማስወጣት ነው፤ በልክና በሰዓቱ ከሆነ ያድናል፣ ያለ ጊዜው ከሆነ እሳቱን ያባብሳል። እዚህ ላይ ስህተት ይሠራል፤ ሥልጠና ያጠረበት ከተማ ውስጥ ደግሞ ደጋግሞ ይሠራል።

የትዕዛዝ ጉዳይም አለ። በ1824 ኤድንብራ ውስጥ፣ የብሬድዉድ ጓድ በተቋቋመ በሳምንታት ውስጥ፣ ከተማዋ ለቀናት ነደደች። ዳኛውም ባለሥልጣኑም ትዕዛዝ ይሰጥ ነበር፤ ጓዱ ማንን ይስማ? ከዚያ በኋላ የተወሰነው ቀላል ነው፦ እሳት ላይ የሚያዘው የእሳት አደጋ አዛዡ ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ በ1970 በ13 ቀን ውስጥ 16 ሰው የገደለ ሰደድ እሳት ሲገጥማት ችግሩ በሰፊው ተመለሰ። ብዙ መሥሪያ ቤቶች መጡ፤ ሬዲዮአቸው አይገናኝም፣ የሚጠቀሙበት ቃል አይመሳሰልም። ከዚያ የወጣው የአደጋ ትዕዛዝ ሥርዓት የሚባለው ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ዋና ሐሳቡ አንድ አዛዥ፣ አንድ ዓይነት ቃላት፣ አንድ መሪ በቀጥታ የሚያዛቸው ሰዎች አምስት ገደማ እንዲሆኑ ነው። ከዚያ ካለፈ ማን የት እንዳለ ይጠፋዋል።

## ገንዘቡ የት ይግባ?

ቃጠሎ በብዙ ያደጉ አገሮች ቀንሷል። አሜሪካ ውስጥ ለእሳት አደጋ ከሚመጡት ጥሪዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የሕክምና ናቸው፤ ቃጠሎ ከመቶ አምስት እንኳን አይሞላም። ስለዚህ «ጣቢያ እንቀንስ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ለንደን በ2014 አሥር ጣቢያዎችን ዘጋች። የወሰኑት ሰዎች ቃጠሎ መቀነሱንና የከተማዋ አማካይ የመድረሻ ጊዜ መለኪያው ውስጥ መሆኑን አነሱ። የሠራተኛ ማኅበሩ ደግሞ ጣቢያው የተዘጋበት ሰፈር ነዋሪ በአማካይ አይድንም አለ። ሁለቱም ክርክር ቁጥር አለው። ልዩነቱ ጣቢያ ምንድነው በሚለው ላይ ነው፦ በሠራው ልክ የሚከፈለው ነው ወይስ ለመጠበቁ የሚከፈለው?

ሦስተኛ ወገን ደግሞ ሁለታችሁም ሰዓቱን አዘገያችሁት፣ ገንዘቡ ወደ ፍተሻና ወደ ሕንፃ ሕግ ይሂድ ይላል። ለዚህ ወገን ከግሬንፌል የበለጠ ማስረጃ የለም። ጁን 14 ቀን 2017 ለሊት፣ ለንደን ውስጥ፣ የ24 ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ከማቀዝቀዣ እሳት ተነሳ። ከጥሪው እስከ መጀመሪያው መኪና መድረስ አምስት ደቂቃ ገደማ ነው የፈጀው። ዘግይተዋል የሚል ሊኖር አይችልም። ወጥ ቤቱን እሳት አጠፉት። ግን እሳቱ በመስኮት ወጥቶ ሕንፃው ከውጭ የለበሰውን የአሉሚኒየምና የፕላስቲክ ሽፋን ይዞ ነበር። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጫፍ ደረሰ። 72 ሰው ሞተ።

እሳት አደጋውም ከጥያቄ አላመለጠም። የእንግሊዝ ፎቆች የሚነደፉት እሳት ከአንድ ቤት እንዳይወጣ ነው፤ ስለዚህ ለጎረቤቶች የሚነገረው «ባላችሁበት ቆዩ» ነበር። ሽፋኑ ሲነድ ያ ምክር ሞት ሆነ፤ ምክሩ የተነሳው ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ47 ላይ ነው፣ ከመጀመሪያው ጥሪ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። አጣሪው ኮሚሽን አዛዦቹ እንዲህ ላለ እሳት እንዳልተዘጋጁ፣ ሕንፃውን የማስለቀቅ ዕቅድም እንዳልነበራቸው ገልጿል። በሴፕቴምበር 2024 የወጣው የመጨረሻው ሪፖርት ደግሞ አብዛኛውን ጥፋት ያስቀመጠው ሽፋኑን በሠሩት፣ በሸጡት፣ በፈቀዱትና ባልተቆጣጠሩት ላይ ነው። ሞቱ በሙሉ ሊቀር ይችል ነበርም ብሏል። ካቀረባቸው ምክሮች መካከል ሁለቱ የግንባታውን ዘርፍ አንድ ተቆጣጣሪ እንዲመራውና ለእሳት አጥፊዎች ራሱን የቻለ ኮሌጅ እንዲቋቋም የሚሉ ናቸው።